የታዳጊ ፍቅረኞች ጥቃትና የአሜሪካ ትምህርት ቤቶች

ጥቃቱ ሁሌ በጥፊ አይጀምርም። ልጁ ፍቅረኛውን «ፓስወርድሽን ስጪኝ» ይላታል። «ከእሱ ጋር ምን ያሳቅሻል?» ይከተላል። ቀጥሎ የት እንዳለች የሚያሳይ ፎቶ በየሰዓቱ መላክ ግዴታ ይሆናል። ብዙ ታዳጊዎች ይህን እንደ ፍቅር ቅናት ነው የሚያዩት። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠርና መከላከያ ማዕከል ግን በታዳጊ ፍቅረኞች መካከል የሚደርስ ጥቃት ሲል አካላዊውን፣ ወሲባዊውን፣ ስነ ልቦናዊውንና እየተከታተሉ ማስጨነቅን በሙሉ ይቆጥራል። ስልክም ከመሣሪያዎቹ አንዱ ነው።

ማዕከሉ በ2019 ባደረገው አገር አቀፍ ጥናት፣ የፍቅር ጓደኛ ከነበራቸው የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ከ12ቱ አንዱ ገደማ በዚያ ዓመት አካላዊ ጥቃት እንደደረሰበት ተናግሯል። ወሲባዊ ጥቃት የደረሰባቸውም መጠን ተመሳሳይ ነው። ሴቶች ይበዛሉ፤ ወንዶችም ግን አሉበት።

ትምህርት ቤት እዚህ ውስጥ የሚገባው ልጆቹ የሚገናኙት እዚያ ስለሆነ ነው። ትልቅ ሰው ከፍቅረኛው ሲለያይ ሰፈር ሊቀይር ይችላል። የ15 ዓመት ልጅ ግን በማግስቱ ያንኑ አውቶቡስ ትሳፈራለች፣ ያንኑ ካፍቴሪያ ትገባለች።

ከቀደምቶቹ የመከላከያ ሥራዎች አንዱ በ1990ዎቹ በሰሜን ካሮላይና የተጀመረው «ሴፍ ዴትስ» ነው። ቫንጂ ፎሺ የተባሉ ተመራማሪ ከባልደረቦቻቸው ጋር ያዘጋጁት ሲሆን፣ ለ8ኛና ለ9ኛ ክፍል ተማሪዎች አሥር ክፍለ ጊዜ፣ አጭር ቴአትርና የፖስተር ውድድር ነበረው። ከአራት ዓመት በኋላ ሲታይ፣ የተማሩት ካልተማሩት ይልቅ ጥቃት የማድረሳቸውም የመጠቃታቸውም መጠን ዝቅ ያለ ነበር።

ከሁሉ የሚገርመኝ ግን የኒውዮርኩ ነው። «ሺፍቲንግ ባውንደሪስ» ይባላል፤ በከተማዋ 30 መካከለኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በ6ኛና በ7ኛ ክፍል ተማሪዎች ላይ ተሞከረ። አንዳንዱ ትምህርት ቤት የክፍል ትምህርት ብቻ አገኘ። አንዳንዱ ግቢውን ብቻ አስተካከለ። ሌላው ሁለቱንም ሠራ፤ የቀረው ምንም አልተደረገለትም። ግቢውን ማስተካከል ማለት እንዲህ ነው፦ ተማሪዎች የሕንፃውን ካርታ ይሰጣቸውና የሚፈሩትን ቦታ ምልክት ያደርጉበታል። የትኛው ደረጃ፣ የትኛው ኮሪደር፣ የትኛው ጥግ። ከዚያ መምህራንና ጥበቃዎች እዚያው እንዲቆሙ ይደረጋል። በአጥቂና በተጠቂ መካከልም በትምህርት ቤቱ የሚጸና የ«አትጠጋት» ውል ይፈረማል። ውጤቱ ሲመጣ የክፍል ትምህርቱ ብቻውን ጠብ የሚል ነገር አላመጣም። ግቢው የተስተካከለበት ግን ወሲባዊ ትንኮሳ ቀነሰ። ስለ መከባበር ንግግር መስማትና ደረጃው ሥር መምህር ቆሞ ማግኘት አንድ አይደሉም።

መምህሩ ደግሞ በአካል መገኘቱ ብቻ አይበቃም። ልጆች ችግራቸውን ብዙ ጊዜ የሚያወሩት ለጓደኛ ነው። ለአዋቂ የሚናገሩት እንደማይቆጣና ወሬውን እንደማይዘራ ካመኑ ነው። በካሊፎርኒያ ሳክራሜንቶ የተሞከረው «ኮቺንግ ቦይስ ኢንቱ ሜን» ይህን የያዘው በስፖርት አሰልጣኞች በኩል ነው። አሰልጣኙ በሳምንት አንዴ ልምምዱ ላይ ለጥቂት ደቂቃ ሴት ልጅን ስለማክበር ከወንዶቹ ጋር ያወራል። አሪፍ ዘዴ ነው፤ ከትምህርት ቤቱ አማካሪ (ካውንስለር) የሚሸሽ ልጅ አሰልጣኙን ይሰማል።

ሕግም አለ። ሮድ አይላንድ በ2007 ያወጣችው ሕግ በ2005 በቀድሞ ፍቅረኛዋ በተገደለችው በሊንድሲ አን በርክ ስም ይጠራል። ትምህርት ቤቶች ጉዳዩን ከ7ኛ እስከ 12ኛ ክፍል እንዲያስተምሩ ያስገድዳል፤ ለሕጉ የታገሉት እናቷ ራሳቸው የጤና ትምህርት መምህርት ነበሩ። ቴክሳስም በዚያው ዓመት ትምህርት ቤቶች የጥቃት መከላከያ ደንብ፣ የመምህራን ስልጠናና የተጠቂ ደህንነት ዕቅድ እንዲኖራቸው አዛለች።

ለእኛ ሰው የሚከብደው አንድ ነገር አለ። ሁለቱን አስቀምጦ ማስታረቅ እዚህ ላይ አይመከርም። ሽምግልና ሁለቱ ወገኖች እኩል ሲናገሩ ነው የሚሠራው፤ የምትፈራ ልጅ ግን እሱ ፊት እውነቱን አታወጣም። ክፍል ወይም የምሳ ሰዓት መቀየር ካለበትም የሚቀየረው የአጥቂው እንጂ የእሷ መሆን የለበትም።

በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ እንደ ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ ባሉ አበሻ በበዛባቸው ከተሞች ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ቤት ውስጥ «ቦይፍሬንድ» የሚባል ነገር የማይነሳ ከሆነ፣ ጓደኛዋን የደበቀች ልጅ ዱላውንም ትደብቃለች። «ለአባትሽ እነግራለሁ» ራሱ የአጥቂው ማስፈራሪያ ይሆናል። ትምህርት ቤቱ ወላጅ ሲጠራ ይህን ማወቅ አለበት። ወላጅም በ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ መሠረት እንግሊዝኛ ካልበቃው አስተርጓሚ በነፃ የማግኘት መብት አለው። የሜሪላንዱ የሞንትጎመሪ ካውንቲ ትምህርት ቤቶችማ መረጃ በአማርኛም ያወጣሉ። እንዲህ ባለ ስብሰባ ልጅቷን ወይም ታናሽ ወንድሟን አስተርጉሙ ማለት ግን አይገባም።