የጾም ገበያ ምንድን ነው?

በሁዳዴ ሁለተኛ ሳምንት ሰፈራችን ወዳለው ሥጋ ቤት ጎራ አልኩ። ሥጋ ፈልጌ አይደለም፤ መቶ ብር ልዘረዝር ነው። ሥጋ የሚሰቀልበት ብረት ባዶውን ተደርድሯል። የመቁረጫው ግንድ በጨው ታሽቶ፣ ተፍቆ፣ ደጅ ፀሐይ ላይ ወጥቷል። ባለቤቱ ሱሪያቸውን ጠቅልለው ግድግዳ ይቀባሉ። “ጋሼ፣ ገበያ እንዴት ነው?” ስላቸው ብሩሹን ሳያስቀምጡ “ገበያውም ጾሟል” አሉኝ።

የጾም ገበያ ማለት ይኸው ነው። የፍስክ ምግብ የሚሸጥ ቤት በጾም ወራት የሚገጥመው መቀዝቀዝ ነው። ሌላው ነጋዴ ገበያ መቼ እንደሚቀዘቅዝ ይገምታል። ሥጋ ቤት ግን ቀኑን አስቀድሞ ያውቀዋል። በ2018 ሁዳዴ የካቲት 9 ገባ፣ ፋሲካ ሚያዝያ 4 ዋለ። መሀሉ 55 ቀን ነው። ከዚህ ሌላ ከኅዳር 15 እስከ ገና ጾመ ነቢያት አለ፣ በነሐሴ ፍልሰታ አለች፣ ረቡዕና ዓርብም አሉ። ዋናው ፈተና ግን ሁዳዴ ነው። ረጅም ነው፣ ሌላውን ጾም የሚዘለው ሰው እንኳ እሱን ይጾማል።

ስለዚህ ዝግጅቱ የሚጀምረው ከጾሙ በፊት ነው። የቅበላ ሰሞን ሥጋ ቤት ውስጥ መቆሚያ ይጠፋል። ከውጭ ለሚያየው ሰውየው ሀብታም የሆነ ይመስላል። ነገር ግን ከዚያ ገንዘብ ውስጥ የሁለት ወር ኪራይ ካላስቀረ ጉዱ ይፈላል። ኪራይ አይጾምማ።

ከዚያ በኋላ መንገዱ ይለያያል። አንዳንዱ ጥርቅም አድርጎ ይዘጋል፤ ቀለም ያስቀባል፣ ፍሪጅ ያስጠግናል፣ ቤተሰብ ጥየቃ አገሩ ይሄዳል። አቅም ያለው ደግሞ በጾሙ መግቢያ በሬ ገዝቶ ለፋሲካ ያደልባል። ይህን “እረፍት” የሚሉት አሉ። ለባለቤቱ ሊሆን ይችላል። በቀን ሒሳብ ለሚሠራው ቆራጭና በቲፕ ለምትኖረው አስተናጋጅ ግን እረፍት ማለት ይከብደኛል። ቢያንስ ግማሽ ደመወዝ እየከፈለ የሚያቆያቸው ባለቤት ሲገጥመኝ ባርኔጣዬን አነሳለታለሁ፤ ከፋሲካ በኋላ ጥሩ ቆራጭ ፍለጋ አይንከራተትም።

ሌላው ጥያቄ “ለምን በያይነቱ አይሸጡም?” የሚለው ነው። ይሸጣሉ እንጂ። ግን ከሩቅ እንደሚታየው ቀላል አይደለም። ቁርጥ ቢላዋ፣ ሚጥሚጣና አዋዜ ነው የሚፈልገው። ለበያይነቱ ግን ምስሩ፣ ክኩ፣ ሽሮው፣ ጎመኑ፣ ቀይ ሥሩ፣ ፎሶሊያው ከጠዋት ጀምሮ ይጣዳል። ስድስት ድስት ማለት ነው፣ ጥሩ ወጥ ሠሪም ይጠይቃል። ያን ሁሉ ደክመው ደግሞ በጥብስ ዋጋ አይሸጡትም። ጠንቃቃው ጿሚ ደግሞ ገና ሳይቀመጥ “ቢላዋው ሥጋ ነክቷል?” ይላል። ዕውነቱን ነው። ስለዚህ ቢላዋም ድስትም መለየት አለበት። ዓሣ የሚጨምሩም አሉ፤ ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ግን እዚህ አልከፍትም።

ካፌዎች ከሥጋ ቤት ይሻላሉ። ማኪያቶው ቢቀርም ሻይና ቡናው አይቀርም። በወተቱ ፋንታ ሎዝ ይፈላል፣ ያለ እንቁላልና ቅቤ የተጋገረ የጾም ኬክ መስታወቱን ይሞላል። ችግሩ ወደ ኋላ ይሄድና ገበሬው ላይ ያርፋል። ላሟ እንደ ኪራዩ ናት፣ አትጾምም። ጠዋትና ማታ ትታለባለች፣ ወተቱን የሚገዛ ግን ይጠፋል። ያለው መላ መናጥ ነው። ቅቤው ተጠራቅሞ ለፋሲካ ዶሮ ወጥ ይደርሳል።

የሙስሊም ሥጋ ቤቶችስ? ሁዳዴ በቀጥታ አይነካቸውም። የ2018ቱ ግን ለየት ያለ ነበር፤ ሁዳዴና ረመዳን በአንድ ሳምንት ውስጥ ገቡ። ቀን ቀን ምግብ ቤቱ ሁሉ ጭር አለ። ማታ ግን ሳምቡሳ የሚጠብሰው ሰው እጁ ሁለት መሆኑን እስኪረግም ድረስ ይሠራል።

አሁን ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር ላይ ልምጣ። ሥጋ ቤት በጾሙ የከሰረውን የፋሲካ ዕለት የሚመልስ ይመስለናል። የፋሲካ ዕለት እኮ ሰው ቤቱ ነው። ዶሮው ተሠርቷል፣ በጉ ታርዷል፣ ጎረቤት ተሰባስቦ በሬ ገዝቶ ቅርጫ ተካፍሏል። ማን ሥጋ ቤት ይሄዳል? የሥጋ ቤት ፋሲካ ከፋሲካ በኋላ ነው። ከዚያ እስከ ጰራቅሊጦስ ባሉት 50 ቀናት ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምም። በሌላው ጊዜ በሳምንት ሁለት ቀን የሚቀዘቅዘው ቤት ሳምንቱን ሙሉ ይሠራል።

ቀለም ሲቀቡ ያገኘኋቸው ሰውዬ ፋሲካ ዕለት ዘግተው ነበር። ረቡዕ በምሳ ሰዓት ሳልፍ ግን ወንበር ሞልቶ ሰው ቆሞ ይጠብቃል። ግንዱ ቦታው ተመልሷል። ከሩቅ አይተውኝ በቢላዋቸው ሰላም አሉኝ፤ ለወሬ ጊዜ አልነበራቸውም።