የዘንባባ መርፌ ምንድን ነው?

የዘንባባ መርፌ ማለት ኦክሲቴትራሳይክሊን የተባለውን አንቲባዮቲክ የዛፉን ግንድ በስቶ በግፊት ማስገባት ነው። የሚሰጠውም በዋናነት ኮኮናትንና ሌሎች ዘንባባዎችን ለሚፈጀው ገዳይ የቢጫ በሽታ ነው።

በኮኮናት ላይ በሽታው የሚጀምረው ከቅጠሉ አይደለም። ትልቁም ትንሹም ፍሬ ሳይደርስ ይረግፋል፤ የወደቀውን አንስተው ከዘለላው ጋር የተያያዘበትን ጫፍ ቢያዩት ጠቁሯል። ቀጥሎ የሚፈነዳው የአበባ ዘለላም ጫፉ ጠቁሮ ይወጣል። ቅጠሎቹ ከታች ወደ ላይ ቢጫ የሚሆኑት ከዚህ በኋላ ነው። ከ3 እስከ 6 ወር ባለው ጊዜ አናቱ ተገንጥሎ ይወድቅና ግንዱ እንደ ስልክ እንጨት ተገትሮ ይቀራል።

የበሽታው መንስኤ ፋይቶፕላዝማ የሚባል የባክቴሪያ ዓይነት ሲሆን፣ የተክሉን ጭማቂ የሚመጥጥ ትንሽ ነፍሳት ከዛፍ ወደ ዛፍ ያዛምተዋል። ፋይቶፕላዝማ የሕዋስ ግድግዳ የለውም። ፔኒሲሊን ደግሞ ባክቴሪያን የሚገድለው የግድግዳውን ግንባታ በማሰናከል ስለሆነ እዚህ ምንም አይፈይድም። ኦክሲቴትራሳይክሊን ግን ተሕዋስያኑ ፕሮቲን እንዳይሠሩ ስለሚያግድ መባዛታቸውን ይገታል።

ይገታል እንጂ አያጠፋም። ስለዚህ መርፌው በየ4 ወሩ ካልተደገመ በሽታው ያገረሻል። ቢጫ የሆነው ቅጠል ተመልሶ አይለመልምም፤ መሻሻሉ የሚታወቀው በአዲሱ ቅጠል ነው። ከቅጠሉ ሩብ ያህሉ ቢጫ ከሆነ ጊዜው አልፏል፤ የመሃሉ ለጋ ቅጠል ከሞተማ ዛፉን ቆርጦ ማስወገድ ይሻላል። መርፌው ከሁሉ የበለጠ የሚጠቅመው በሽታው በአካባቢው ሲታይ፣ ገና ላልታመመ ዛፍ ሲሰጥ ነው።

አንድ ነገር ግን በጣም ያሳስበኛል። ዘንባባ እንደ ሌሎች ዛፎች ቁስሉን አይደፍንም። የተበሳው ቀዳዳ ዕድሜውን ሙሉ አብሮት ይኖራል፤ ለሌላ በሽታም በር ሊከፍት ይችላል። ስለዚህ ብዙ ዓመት ለቆየ የግቢ ጌጥ ዛፍ መርፌው ቢገባውም፣ ለሰፊ እርሻ በሽታውን የተሻለ የሚቋቋም ዝርያ መትከል ይበልጣል ባይ ነኝ። ፍሬው ለሚበላ ዛፍም መርፌውን አልመክርም።

ከመብሳትም በፊት ምርመራ ይቅደም። የፖታሲየም እጥረትም የዘንባባን የታች ቅጠሎች ቢጫ ያደርጋል፤ ለእርሱ መድኃኒቱ ማዳበሪያ ነው። ከግንዱ በንጹሕ መሰርሰሪያ የወጣ ጥቂት የእንጨት ብናኝ ለዘረመል ምርመራ ቢላክ ሁለቱን ይለያል።