ካርታው በእጄ ነው? ስለ ኮንዶሚኒየም ባለቤትነት ምዝገባ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

አዲስ አበባ ውስጥ የኮንዶሚኒየም ወሬ ከተነሳ ሁሉም ሰው ሕግ አዋቂ ነው። ታክሲ ውስጥ፣ ጀሞ ወይም ሰሚት ሱቅ በር ላይ፣ ለቅሶ ቤት ካርታ እየተጫወቱ ሳይቀር ስለዚያኛው ካርታ፣ ስለ ይዞታ ማረጋገጫው፣ ትንታኔ ይሰጣል። ከሚነገረው ግማሹ ልክ ነው። ሰው ገንዘቡን የሚበላው በቀረው ግማሽ ነው።

«ካርታው በስሜ ከሆነ መሬቱም ቤቱም የኔ ነው»

ቤቱ አዎ። መሬቱ ግን በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ ለግለሰብ የሚኖረው የይዞታ መብት ነው። ይህን ብዙ ሰው ያውቀዋል። ልብ የማይባለው ኮንዶሚኒየም ለመዝጋቢው ምን ያህል አስቸጋሪ ንብረት እንደሆነ ነው። ግቢ ያለው ቤት ሲመዘገብ ወሰኑ ይለካል፣ የማዕዘኖቹ ነጥብ ይያዛል፣ የባለይዞታው ስም ይጻፋል። ኮንዶሚኒየም ግን ከሰማይ ሲያዩት አንድ ጣሪያ ነው፤ ከሥሩ ብዙ ቤተሰብ አንዱ በሌላው አናት ላይ ይኖራል። የአየር ፎቶ የማንን ሳሎን ከማን መኝታ ቤት ይለያል?

ስለዚህ መዝገቡ እንደ ሕንፃው ራሱ ከታች ወደ ላይ ይደረደራል፦ መጀመሪያ ሕንፃው ያረፈበት ቁራሽ መሬት፣ ቀጥሎ ብሎኩ፣ ከዚያ ፎቁ፣ የቤት ቁጥሩና ስፋቱ። ስለ ኮንዶሚኒየም የወጣው አዋጅ ቁጥር 370/1995 ይህን ዓይነት ሕንፃ ሲተረጉም በተናጠል የተያዙ አምስት ወይም ከዚያ በላይ ቤቶችና የጋራ መጠቀሚያዎች ያሉት ይለዋል፤ ፎቅ ብቻ ሳይሆን በረድፍ የተሠሩ ቤቶችም ይገቡበታል። የባለቤቱ መብት ሁለት ነገር የተጋመደበት ነው፦ የራሱ ቤት፣ እና በደረጃው፣ በጣሪያውና በግቢው ላይ ያለው ያልተከፋፈለ ድርሻ። ቤቱን ሸጦ የግቢውን ድርሻ ማስቀረት አይቻልም፤ ግቢውን ቆርሶ መሸጥም እንዲሁ።

ምድር ቤት የደረሰው ሰው ግን ከመስኮቱ ፊት ያለውን ቦታ ያጥራል፣ በቆርቆሮ አንዲት ክፍል ይቀጥላል፣ ያከራያታል። ሲሸጥም ለዚያች ክፍል ዋጋ ይጨምርባታል። ካርታው ላይ ፈልጉ፣ አታገኟትም። ገዢው የከፈለው ለጎረቤቶቹ ድርሻ ነው። «የነዋሪዎች ኮሚቴው ፈቅዶልኛል» የሚል ደብዳቤም ሞልቷል። በግ እንዲታረድበትና እንጀራ እንዲጋገርበት የተሠራውን ኮሙናል ሱቅ ያደረገውም የሚያወጣው ይህንኑ ደብዳቤ ነው። ኮሚቴ ጎረቤት ያስማማ ይሆናል፤ ባለቤት ግን አያደርግም።

«ውልና ማስረጃ ሄደን ተፈራርመናል፤ አለቀ»

ከሁሉም ውዱ ስህተት ይህ ነው፤ የሚሠሩትም ጠንቃቃ ሰዎች ናቸው። በደላላ ወረቀት ብቻ የሚገዛው ሰው አደጋውን ቢያንስ ይጠረጥራል። ውልና ማስረጃ የፈረመው ግን ቤቱን የጨበጠ መስሎት ተኝቶ ያድራል።

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሁለት የተለያዩ በሮች አሉት። የመጀመሪያው አንቀጽ 1723 ነው፦ የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም ውል በሚያዋውል ሹም ዘንድ መመዝገብ አለበት። ካልተመዘገበ በአንቀጽ 1720 መሠረት ረቂቅ ነው፤ ምስክር አሰልፎ፣ ፊርማ አሳምሮ፣ ሦስት ሽማግሌ አስቀምጦ የተጻፈ ቢሆንም። ውልና ማስረጃ የምንሄደው ለዚህ ነው።

ሁለተኛው በር ስም ማዞር ነው። በአንቀጽ 1185 ባለቤትነት በውል የሚተላለፈው በማይንቀሳቀስ ንብረት መዝገብ ላይ ሲጻፍ ነው፤ አንቀጽ 2878 ደግሞ ያልተመዘገበ ሽያጭ ሦስተኛ ወገንን እንደማይነካ ይናገራል። ውሉ በሻጭና በገዢ መካከል ጽኑ ሊሆን ይችላል። መዝገቡ ላይ ያለው ስም የሻጩ እስከሆነ ድረስ ግን የሻጩ አበዳሪ ቤቱን በፍርድ ቤት ሊያሳግድ ሲመጣ የሚያየው የሻጩን ስም ነው። ገዢው ሰላምታ ሰጥቶት የማያውቀው ሰው ዕዳ ቤቱ በር ላይ ይለጠፋል። «ግብሩን እስክናስተካክል» ወይም «ዓመት በዓሉ ይለፍ» እየተባለ ስም ሳይዞር የሚያልፈው ጊዜ እንዲህ ያለ ጊዜ ነው።

ሰውም አይፈረድበትም፤ ግራ መጋባቱ ታሪክ አለው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ስለ ማይንቀሳቀስ ንብረት መዝገብ ሰፊ ክፍል ቢይዝም፣ አንቀጽ 3363 ወደፊት በነጋሪት ጋዜጣ ትእዛዝ እስኪወጣ ድረስ ያ ክፍል ሥራ ላይ እንዳይውል አቆየው። ትእዛዙ ሳይመጣ ዘመናት አለፉ፣ ማዘጋጃ ቤቶች በለመዱት መንገድ በፋይል ቀጠሉ። የከተማ መሬት ይዞታ ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 818 የወጣው በ2006 ነው፤ ካዳስተር የሚለውን ቃል፣ ማለትም ይዞታን ለክቶ የሚመዘግበውን ሥርዓት፣ ከቢሮ ወደ ሰፈር ያወረደው እሱ ነው። ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ውልና መዝገብ አንድ ነገር መስለው ኖሩ።

«ውክልና ወስጃለሁ፤ ሽያጭ ማለት ነው»

አይደለም። ዕጣ የወጣለት ሰው ቤቱን ለአምስት ዓመት እንዳይሸጥ ክልከላ ስለተጣለበት ገበያው የራሱን መላ ፈጠረ፦ አንድ የብድር ውል፣ አንድ ውክልና፣ አንዳንዴም ኑዛዜ ተደራርቦ። ሻጩ ተበዳሪ ይመስላል፣ ገዢው ወኪል ይመስላል፣ መዝገቡ ላይ ምንም አልተንቀሳቀሰም። ወካይ ውክልናውን በፈለገ ጊዜ መሻር ይችላል፤ ተቃራኒ ስምምነት ከሌለ ደግሞ ሲሞት ውክልናውም አብሮት ያበቃል። ያን ጊዜ ወራሾች ይመጣሉ። ሻጩ ምን ያህል ጨዋ ነው ብቻ ሳይሆን ልጆቹስ ምን ያህል ጨዋ ናቸው የሚለው ጥያቄ ይነሳል።

ውጭ ሀገር ላሉ ወገኖች ሌላ ነገር ልጨምር። ከዋሽንግተን ወይም ከዱባይ በኤምባሲ በኩል «ጠቅላላ ውክልና» ልኮ ወንድሙ ቤት እንዲሸጥለት የሚጠብቅ ሰው አለ። ጠቅላላ ውክልና ለማስተዳደር ነው፤ ለማከራየት፣ ዕዳ ለመሰብሰብ። የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ ሥልጣኑ በግልጽ መሰጠት አለበት። በተቃራኒው፣ ወንድምዎ ቤቱን እንዲጠብቅ ብቻ ከፈለጉ «መሸጥ፣ መለወጥ» የሚለው የተለመደ መስመር ውስጥ ምን ይሠራል? ጸሐፊው ከቅጽ ስለሚገለብጠው ሳይነበብ ያልፋል።

«ካርታው ላይ ያለው የባሌ ስም ነው፤ እኔ የለሁበትም»

በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ በአንዱ ስም ብቻ የተመዘገበ ንብረትም የግል መሆኑ ካልተረጋገጠ የጋራ ነው ተብሎ ይገመታል። የጋራ የሆነ ቤት ለመሸጥ የሁለቱም ስምምነት ያስፈልጋል። ገዢም ቢሆን የጋብቻ ወይም ያላገባ ማስረጃ ሲጠየቅ «ቢሮክራሲ» እያለ ባያማርር ይሻለዋል።

«የባንኩን ዕዳ ጨርሻለሁ፤ ቤቱ ነፃ ነው»

ዕዳው ተከፍሏል፣ መዝገቡ ግን ይህን በራሱ አያውቅም። አዲሱ ምዝገባ የሚይዘው መብትን ብቻ ሳይሆን ክልከላንና ኃላፊነትንም ነው፤ የባንክ መያዣና የፍርድ ቤት እግድ እዚያ ይሰፍራሉ። ሀያ ሰማንያውን፣ ማለትም ሀያ በመቶውን ቀድሞ ከፍሎ ቀሪውን በባንክ ብድር የሚገዛውን ቤት፣ ለዓመታት የከፈለ ሰው ከባንኩ ክሊራንሱን፣ ዕዳ መጨረሱን የሚያረጋግጠውን ደብዳቤ፣ ይዞ ሄዶ መያዣውን ማሰረዝ አለበት። ለገዢ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፦ ሻጩ የያዘው ካርታ ንጹሕ ቢመስልም ወረቀቱ የታተመበትን ቀን ሁኔታ ነው የሚያሳየው። እግዱ ትናንት ገብቶ ከሆነ የሚታየው መዝገቡ ላይ ነው፤ ቀብድ ከመስጠት በፊት መጠየቅ ያለበትም እሱ ነው።

«ኮምፒውተር ከገባ በኋላ ስህተት የለም»

ኮምፒውተር የተሰጠውን ይይዛል፤ የእኛ ፊደል ደግሞ ለኮምፒውተር ወጥመድ ነው። ኃይሉ፣ ሃይሉ፣ ሀይሉ ለጆሮ አንድ ሰው ናቸው፤ ለማሽን ሦስት። ዓለሙና አለሙ፣ ሠናይትና ሰናይት፣ ገብረ ማርያምና ገብረማርያም፣ ያው ነው። በብጣሽ ወረቀት ዘመን መዝገብ ቤት ያለው ሰውዬ «እሳቸው ናቸው» ብሎ ያሳልፍ ነበር፤ አሁን ግን ስሙን ሲፈልጉት «የለም» ሊባል ይችላል። ውጭ ሀገር ዜግነት ለወሰደ ሰው ይብሳል። ካርታው ላይ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም ነው፤ ፓስፖርቱ ላይ የአያት ስም የቤተሰብ መጠሪያ ሆኖ የአባት ስም መሀል ላይ በአንድ ፊደል አጥሮ ይገኛል።

አዲስ ካርታ የሚረከብ ሰው ታዲያ መስኮቱ ላይ ቆሞ ስሙን ከመታወቂያው ጋር በፊደል በፊደል ያስተያይ፤ የብሎክና የቤት ቁጥሩን፣ ስፋቱንም ጨምሮ። ከኋላ ያለው ሰልፈኛ ቢያጉረመርምም።