ኦሎሞውትስ «ትንሿ ፕራግ» አይደለችም፤ ሌሎችም የሰለቹኝ ስህተቶች

በቼክ ሪፐብሊክ ምሥራቃዊ ክፍል፣ በሞራቪያ ምድር፣ መቶ ሺህ ያህል ሰው የሚኖርባት ኦሎሞውትስ የምትባል ከተማ አለች። ለትምህርት መጥቼ ቀረሁባት፤ አሁን ደግሞ እንግዳ እያዞርኩ ማሳየት እንጀራዬ ሆኗል። ከጀርመን፣ ከጣሊያን፣ ከስዊድን፣ አንዳንዴም ከአሜሪካ የሚመጡ የአገሬ ሰዎች ይደውሉልኛል። ፕራግን ሦስት ቀን ዞረው ሲያበቁ «ትርፍ ግማሽ ቀን አለችን፤ ብቅ እንበል?» ይላሉ። ይመጣሉም። አደባባዩ ላይ እግራቸው እንደረገጠ «ውይ፣ ትንሿ ፕራግ እኮ ናት!» ይሉኛል። ያመሰገኑ ይመስላቸዋል። እኔ ፈገግ እላለሁ፤ ሥራዬ ነውና። ዛሬ ግን ፈገግታውን ትቼ ልናገር።

«ትንሿ ፕራግ ናት»

ይህች ከተማ የማንም ታናሽ አይደለችም። በ1063 የጳጳስ መንበር የተተከለባት ናት (ዓመቶቹም ወሮቹም ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ለረጅም ዘመንም የሞራቪያ ዋና ከተማ ነበረች። በሠላሳ ዓመቱ ጦርነት ጊዜ፣ በ1642፣ የስዊድን ጦር ያዛትና ስምንት ዓመት ተቀመጠባት። የአገሩ መሥሪያ ቤቶች ወደ ሌላዋ የሞራቪያ ከተማ፣ ወደ ብርኖ፣ ሄዱ፤ በዚያው ቀሩ። ብርኖ ዛሬ ትልቅ የሆነችው፣ ኦሎሞውትስም በጉብኝት መጽሐፎች ጀርባ ላይ የቀረችው በዚህ የተነሳ ነው።

በ1306 የቦሄሚያው (ፕራግ ያለችበት የምዕራቡ የቼክ ምድር) ወጣት ንጉሥ ቫትስላቭ ሣልሳዊ የተገደለው እዚሁ ነው። ዕድሜው ገና 16 ነበር፤ ገዳዩ ማን እንደላከው እስከ ዛሬ በእርግጥ አልታወቀም። የጥንቱ የፕርሼሚስል ሥርወ መንግሥት የወንድ ዘር በእርሱ ተቋረጠ። በ1848 ደግሞ ቪየና በአብዮት ስትናጥ የኦስትሪያ ቤተ መንግሥት ወደዚህ ሸሸ፤ የ18 ዓመቱ ፍራንስ ዮሴፍ በታኅሣሥ መጀመሪያ በሊቀ ጳጳሱ ግቢ ውስጥ የንጉሠ ነገሥቱን ዙፋን ተቀበለ። ከዚያ ወዲያ እስከ 1916 ድረስ ነገሠ። የሙዚቃው ሊቅ ሞዛርትም የ11 ዓመት ልጅ ሳለ ቪየና የገባውን ፈንጣጣ ሸሽቶ ከቤተሰቡ ጋር የመጣው ወደዚህ ነበር። አላመለጠውም፤ ታመመ፤ የዳነው ግን እዚህ ነው። ይህን ሁሉ አይቶ «ትንሿ ፕራግ» የሚል ሰው ጎንደርን «ትንሿ አዲስ አበባ» ቢል ምን እንደሚመስል ያስበው።

አጫጭሮቹን ቶሎ ልጨርስ። «ኦሎሙክ» አይባልም፤ የመጨረሻው ፊደል «ትስ» ተብሎ ነው የሚነበበው። ቼኮዝሎቫኪያ የሚባል አገር ከ1993 መጀመሪያ ወዲህ የለም። በድሮው ጊዜ እዚህ የተማሩ አባቶች ስሙን ቢጠሩት ይገባኛል፤ የሠላሳ ዓመት ወጣት ሲጠራው ግን አይገባኝም።

«ከተማዋን የቆረቆራት ዩልየስ ቄሳር ነው»

በፈረስ ላይ የተቀመጠው የቄሳር ሐውልት ያለበት ምንጭ ሥር ስንደርስ ይህን ከየት እንዳነበበው የማያውቅ ሰው አይጠፋም። ምንጩ የተሠራው በ1725 ነው። አፈ ታሪኩ ግን የከተማዋ ሊቃውንት ስሟን ከ«ዩልየስ ተራራ» ጋር ለማገናኘት የወደዱት ወሬ ነው። ቄሳር እዚህ አልደረሰም። ቁፋሮ ያሳየው የሮማ ወታደሮች ጊዜያዊ ሰፈርም የሁለተኛው ክፍለ ዘመን ነው፤ ቄሳር ከሞተ ሁለት መቶ ዓመት ያህል አልፎት ነበር። ይልቅ ከፈረሱ በታች የተጋደሙትን ሁለት ሰዎች ተመልከቱ፤ የሞራቫና የዳኑብ ወንዞች ናቸው። ውሻው ደግሞ ከተማዋ ለንጉሠ ነገሥቱ ያላት ታማኝነት ነው።

«ትልቁ ሐውልት የወረርሽኝ ሐውልት ነው»

በላይኛው አደባባይ የቆመው 35 ሜትር የሚረዝመው የቅድስት ሥላሴ ሐውልት በ1716 ተጀምሮ በ1754 ተጠናቀቀ። ምረቃው ላይ የዘመኑ ገዢ ማሪያ ቴሬዛ ራሷ ተገኝታለች። ዩኔስኮ በ2000 መዝግቦታል። ሐሳቡን ያመጣውና የጀመረው ቫትስላቭ ሬንደር የሚባል ድንጋይ ጠራቢ ነበር፤ ሳይፈጸም ሞተ፤ ከእርሱ በኋላ የቀጠሉትም እንዲሁ በየተራ አለፉ። የወረርሽኙ መታሰቢያ ግን ይህ አይደለም፤ ትንሽ ወረድ ብሎ በታችኛው አደባባይ ያለው የእመቤታችን ሐውልት ነው። ሁለት ደቂቃ መራመድ ነው እኮ!

«ሰዓቱ የፕራጉ ርካሽ ቅጂ ነው፤ ኮሚኒስቶች አበላሹት»

ትዕግሥቴ የሚያልቀው እዚህ ላይ ነው።

በማዘጋጃ ቤቱ ግድግዳ ላይ፣ ረጅም ቅስት ውስጥ፣ ሞዛይክ የለበሰ የሥነ ፈለክ ሰዓት አለ። ከግርጌው የቆሙት ቅዱሳን አይደሉም፤ አንድ የፋብሪካ ሠራተኛና አንድ የኬሚስትሪ ባለሙያ ናቸው። እኩለ ቀን ላይ ደወሎቹ የአካባቢውን የሕዝብ ዜማ ይመታሉ፣ ትናንሽ ሠራተኞች በሰልፍ ይዞራሉ፣ ወርቃማው ዶሮ ይጮኻል። እንግዳው ይስቃል። ቀጥሎም «ቅዱሳኑን አውጥተው ወዛደር ተከሉበት አይደል?» ይለኛል።

ማንም ምንም አላወጣም። ጥንታዊው ሰዓት የተመታው በግንቦት 1945፣ ጦርነቱ ሊያበቃ ቀናት ሲቀሩት፣ በሚያፈገፍገው የጀርመን ጦር ተኩስ ነው። ኮሚኒስቶቹ ሥልጣን የያዙት በ1948 ነው፤ ያገኙት ፍርስራሽ ነበር። በዚያ ላይ የወደመው ሰዓት ራሱ በየዘመኑ መልኩ ሲቀያየር የኖረ ነው፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ እንኳ እንደ አዲስ ተሠርቶ ነበር። «ጥንት እንደነበረው» የሚባል አንድ መልክ ኖሮት አያውቅም።

አሁን ወደ ፕራግ እንሂድ። በዚያው ግንቦት፣ በዚያው ሳምንት፣ ዝነኛው ሰዓት ያለበት የፕራግ ማዘጋጃ ቤትም ተቃጥሏል። በየሰዓቱ በመስኮት ብቅ የሚሉት፣ ሺህ ሰው ስልኩን አንስቶ የሚቀርጻቸው ሐዋርያት ከጦርነቱ በኋላ እንደገና የተቀረጹ ናቸው። የፕራጉ ሰዓት መነሻው 1410 ነው፤ ይህን አልክድም። ሐዋርያቱ ግን ከእኛ ወዛደሮች በዕድሜ ብዙም አይበልጧቸውም። ታዲያ እዚያ አፉን ከፍቶ ያየ ሰው እዚህ መጥቶ በምን ሒሳብ ይስቃል?

ፕሮፓጋንዳ የለበትም ወይ? አለበት፤ በዘመኑ መንግሥት ፈቃድ በ1955 የተጠናቀቀ ሥራ ነው። ነገር ግን የነደፈው ካሬል ስቮሊንስኪ ከሞስኮ የመጣ ሰው አልነበረም። ከከተማዋ በላይ ባለው ስቫቲ ኮፔቼክ በሚባለው ኮረብታ በ1896 የተወለደ የአካባቢው ልጅ ነው። የግርጌዎቹን ሁለት ሰዎች ተዉና ቀና በሉ፤ የሞራቪያ ገበሬዎች የንጉሥ ግልቢያ በዓል አለ፣ የልጃገረዶች ሰልፍ አለ፣ የአሥራ ሁለቱ ወራት ሥራ በየክቡ ተሥሏል።

አንድ ጊዜ በደርግ ዘመን ያደጉ አንድ ጋሼ ይዤ መጣሁ። ሠራተኛውን ሲያዩ ፊታቸው ተለወጠ። «ይኼንንማ አውቀዋለሁ፤ ትግላችን ሐውልት ነው» ብለው ጀርባቸውን ሰጡት። ለምኜ መለስኳቸውና ወራቱን አንድ በአንድ አሳየኋቸው። የገበሬ ልጅ ናቸው። በዚህ በሐና ሜዳ ስንዴ የሚታጨደው በሐምሌና በነሐሴ መሆኑን ስነግራቸው «በክረምት? በጎርፍ?» ብለው ሙግት ገጠሙኝ። አንገታቸው እስኪደነዝዝ ግማሽ ሰዓት ቆሙ። ባቡራቸው አለፈ።

ለቀጠሮ ግን ተጠንቀቁ። ከፍራንክፈርት የመጡ አንዲት እናት «ስድስት ሰዓት ላይ ሰዓቱ ሥር እንገናኝ» ብያቸው ማታ በአሥራ ስምንት ሰዓት መጥተው ቆመዋል። ሠላሳ ዓመት ጀርመን የኖረ ሰው ስድስት ሰዓትን እንዴት እንደሚሰማው አላሰብኩም ነበር። ጥፋቱ የእኔ ነው።

«አሥራ ሁለት ዲግሪ ቢራ አሥራ ሁለት በመቶ አልኮል አለው»

የለውም። ቁጥሩ የሚለካው ቢራው ከመብላላቱ በፊት ከብቅሉ የወጣውን፣ በአብዛኛው ስኳር የሆነውን ነገር መጠን ነው። አሥር ዲግሪው አራት በመቶ ገደማ፣ አሥራ ሁለቱ አምስት በመቶ ገደማ አልኮል አለው። «አሥራ ሁለት? አረቄ ነው እንዴ!» ብሎ፣ ለጥንቃቄ አሥሩን መርጦ፣ አምስት ትልልቅ ብርጭቆ የጠጣ እንግዳ ነበረኝ። ጥንቃቄው የት እንዳደረሰው አልናገርም።

አረፋው ማጭበርበር አይደለም። እኛ ብርጭቆውን አጋድመን አረፋ እንዳይነሳ ስንጠበብ፣ እዚህ ወፍራም አረፋ የሌለው ቢራ የተበላሸ ቢራ ነው። በባህላዊ ቢራ ቤት አሳላፊው በወረቀት ላይ መስመር እያሰመረ ሌላ ብርጭቆ ያመጣል፤ ከበቃችሁ ቶሎ ተናገሩ። መኪና የያዘ ሰው ደግሞ አንድ ጉንጭም አይቅመስ፤ ሕጉ ዜሮ ነው። ቢራ የማይወድ ሰው አይዘን፤ የአገሩ ወይን ከሞላ ጎደል ሁሉም የሚበቅለው በሞራቪያ ነው፣ ከዚህ ወደ ደቡብ።

«ሥጋ የሌለው ከሆነ ጾም ነው»

ምግብ ዝርዝሩ ላይ «ቤዝማሴ» የሚል ክፍል ታያላችሁ። ትርጉሙ «ሥጋ የሌለው» ነው፤ የተጠበሰ አይብ የሚገኘው ግን እዚያው ውስጥ ነው። ምስር ስታዩ ደስ አይበላችሁ፤ ብዙ ጊዜ እንቁላል ተቀምጦበት ይመጣል። በጾም የምትመጡ «ቬጋን» ብላችሁ ጠይቁ፤ ቃሉን ሁሉም ያውቀዋል።

«አይቡ የበሰበሰ ነው፤ ስቡም አያድርስ»

የኦሎሞውትስ አይብ ትቫሩሽኪ ይባላል። ሽታው ከሩቅ ይጠራል፤ አልዋሽም። ነገር ግን አልበሰበሰም፤ ከውጭ ወደ ውስጥ በባክቴሪያ የበሰለ ነው። የሚሠራውም ቅባቱ ከወጣለት ወተት ስለሆነ የስቡ መጠን አንድ በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ቅቤው ወጥቶ ከቀረው አሬራ አይብ የምታወጣ አገር ልጅ ይህን ለመረዳት ሊቸገር አይገባም። አንዲት እንግዳዬ አፍንጫዋን ይዛ ሸሸችኝ። ማታ ቤቴ ስትመጣ ከአዲስ አበባ የተላከ በሳል ቅቤ ከሻንጣዋ አወጣች፤ የፎቁ ደረጃ ሁሉ ሸተተ። ምንም አላልኩም።

ሌላው ስህተት፣ አይቡ የኦሎሞውትስ ምርት አይደለም። የሚመረተው 30 ኪሎ ሜትር ያህል በምትርቅ ሎሽቲትሴ በምትባል ትንሽ ከተማ ነው፤ ሙዚየምም አለው። በስሟ የሚጠራው ገበያው እዚህ ስለነበረ ነው። ስሙን የአውሮፓ ኅብረት ከ2010 ጀምሮ ይጠብቀዋል። በዳቦ፣ በቅቤና በጥሬ ሽንኩርት ብሉት፤ ቢራ አይለየው። በሆቴል ክፍል ውስጥ ግን አታሳድሩት።

«ግማሽ ቀን ይበቃል»

ከፕራግ በባቡር ሁለት ሰዓት ከምናምን ነው፤ ሰው በዚህ ይታለላል። ሁለት ሌሊት እደሩ። የመጀመሪያውን ቀን ለአደባባዮቹና ለስድስቱ የባሮክ ምንጮች ስጡ፤ ቧንቧ ከገባም በኋላ ያላፈረሷቸው ለእሳት አደጋ ውኃ እንዲኖር ብለው ነው። ሰባተኛው፣ የአሪዮን ምንጭ፣ የ2002 ሥራ ነው፤ ልጆች ኤሊዋ ላይ ይቀመጣሉ። በሁለተኛው ቀን መቶ ሜትር የሚረዝም ማማ ያለው የቅዱስ ቫትስላቭ ካቴድራልና አጠገቡ ያለው የሊቀ ጳጳሳቱ ሙዚየም ናቸው፤ ከሰዓት በኋላ በአውቶቡስ ወደ ስቫቲ ኮፔቼክ ውጡ። ድንጋይ ንጣፉ ተረከዝ ያለው ጫማ አይወድም። ሰኞ ግን አትምጡ፤ ሙዚየሙ ዝግ ነው።