ዲሻችን የሚያየው ሳተላይት የማይንቀሳቀስ የሚመስለው ለምንድን ነው?
ሳተላይት ሰማይ ላይ የሚቆየው የመሬት ስበት ስለማይደርስበት ነው የሚል አስተያየት ደጋግሞ ይነሳል፤ ስበቱ ባይኖር ግን ሳተላይቱ ቀጥ ብሎ ወደ ጠፈር በሄደ ነበር። ሮኬቱ ከፍ ከማድረግ ይበልጥ የሚደክመው ወደ ጎን ለማፍጠን ነው፤ ሳተላይቱ ዘወትር ወደ መሬት ቢወድቅም፣ ከፍጥነቱ የተነሳ የመሬት ገጽ ከሥሩ እየጎበጠ ይሸሸዋል። ይህ ለሁሉም ይሠራል፤ የሚለያየው ከፍታውና አንድ ዙር የሚፈጅበት ጊዜ ነው።

ከምድር ወገብ በላይ፣ 35,786 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ወደ ምሥራቅ የሚዞር ሳተላይት ከመሬት ጋር እኩል ስለሚዞር፣ ዲሹ አንድ ጊዜ ከተስተካከለ ሳይነቃነቅ ሥርጭቱን ይቀበላል። በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. ከቻይና የመጠቀችው የኢትዮጵያ የመጀመሪያዋ ሳተላይት ኢቲአርኤስኤስ-1 ግን ለምድር ምልከታ የተሠራች በመሆኗ (ለቴሌቪዥን ሥርጭት አልነበረም)፣ ከ700 ኪሎ ሜትር በታች ሆና መሬትን በመቶ ደቂቃ ገደማ እንድትዞር ተደርጋለች።