ተንሳፋፊነት ምንድን ነው? ሚስማር ሰምጦ መርከብ የማይሰምጠው ለምንድን ነው?

«ቀላል ነገር ይንሳፈፋል፣ ከባድ ነገር ይሰምጣል» ሲባል ሁላችንም ሰምተናል። ታዲያ አንዲት ሚስማር ጣና ላይ ብትጥሉ ወዲያው ወደ ታች ትወርዳለች። ሺህ ቶን ዕቃ የጫነ የብረት መርከብ ግን ባሕር አቋርጦ ጅቡቲ ይገባል። ስለዚህ የዕቃውን ክብደት ብቻ ማወቅ አይበቃም። ከቦታው ገፍቶ ያስለቀቀው ውሃ ስንት ይመዝናል? መልሱ ያለው እዚህ ላይ ነው።

ዕቃ ውሃ ውስጥ ሲገባ እዚያ የነበረው ውሃ ቦታ ይለቅለታል። ውሃው ደግሞ ዕቃውን ወደ ላይ ይገፋዋል። የግፊቱ መጠን ቦታ ከለቀቀው ውሃ ክብደት ጋር እኩል ነው። ይህን ሕግ የሲራኩሱ አርኪሜድስ ያስቀመጠው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው ክፍለ ዘመን ነው።

ውሃ ለምን ወደ ላይ ይገፋል? በጥልቀት ምክንያት። ወደ ታች በወረድን ቁጥር የውሃው ግፊት ይጨምራል፤ ጠልቆ የዋኘ ሰው ጆሮው ይነግረዋል። ስለዚህ የዕቃው ሥር ከአናቱ ይልቅ በኃይል ይገፋል። የጎን የጎኑ ግፊት እርስ በርሱ ይጣፋል። የሚተርፈው ወደ ላይ የሚያነሳው ኃይል ነው፤ ተንሳፋፊነት ማለትም ይኸው ነው።

በቁጥር እንየው። እያንዳንዱ ጎኑ 10 ሴንቲ ሜትር የሆነ ድፍን ብረት 1 ሊትር ቦታ ይይዛል፤ ክብደቱ 7.9 ኪሎ ገደማ ነው። የሚያስለቅቀው ውሃ ግን 1 ኪሎ ብቻ ነው። ይሰምጣል። ውሃ ውስጥ እንዳለ በሚዛን ብታንጠለጥሉት 6.9 ኪሎ ያሳያል፤ የጎደለችውን 1 ኪሎ ውሃው ተሸክሟታል። አሁን ያንኑ ብረት ቀጥቅጣችሁ 10 ሊትር የሚይዝ ጎድጓዳ ሳህን አድርጉት። ገና 8 ሊትር ያህል ውሃ እንዳስለቀቀ መስመጡን ያቆማል። ብረቱ አንድ ግራም አልቀለለም፤ ቅርጹ ብቻ ተቀየረ። መርከብም የሚኖረው በዚህ ዘዴ ነው። ለዚህም ነው ሆዱ ተቀዶ ውሃ ከሞላ የሚያልቅለት።

የጣና ታንኳ ግን ሌላ ነው። እሱን የሚያንሳፍፈው የተሠራበት ደንገል (ፓፒረስ የሚባለው የውሃ ዳር ተክል) ራሱ ነው። የደንገል አገዳ ውስጡ እንደ ስፖንጅ አየር የያዘ ስለሆነ ከውሃ በጣም ይቀላል። በእስሮቹ መካከል ውሃ ቢገባም ታንኳው አይሰምጥም። ጠላቱ ቀዳዳ ሳይሆን ጊዜ ነው። ደንገሉ ቀስ በቀስ ውሃ ይጠጣል፣ ይከብዳል፣ ዝቅ ይላል። ባለ ታንኳዎች ከሥራ በኋላ ወደ ዳር ጎትተው ፀሐይ ላይ የሚያደርቁት ለዚህ ነው።

ይህን ነገር አትላንቲክ ላይ የሞከረው ኖርዌጂያዊው አሳሽ ቶር ሄየርዳል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1969 «ራ» ያላትን ጀልባ ያሠራው ከጣና በመጣ ደንገል ነው፤ የሠሯት ደግሞ የቻድ ሐይቅ ሰዎች ነበሩ። ከሞሮኮ ተነስታ ብዙ ርቀት ከሄደች በኋላ ውሃ እየጠጣች ጅራቷ ዘቀጠ፣ ካሪቢያን ሳትደርስም ተተወች። በቀጣዩ ዓመት «ራ ሁለት» ባርቤዶስ ደረሰች።

የፈሳሹም ዓይነት ለውጥ ያመጣል። 1 ሊትር የሙት ባሕር ውሃ በጨው ብዛት 1.24 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። የሰው ሰውነት ደግሞ በሊትር ወደ 1 ኪሎ ይጠጋል። ስለዚህ እዚያ ገብቶ መንሳፈፍ ዋና አይጠይቅም፤ እንዲያውም እግርን ወደ ታች ማውረዱ ነው የሚያስቸግረው። መርከብም እንዲሁ ጨዋማ ባሕር ላይ ከፍ ይላል፣ ጨው አልባ ወንዝ ውስጥ ሲገባ ዝቅ ይላል። ለዚህ ሲባል የጭነት መርከቦች ጎን ላይ የመጫኛ መስመር ይሳላል፤ ለባሕር ውሃና ለወንዝ ውሃ ምልክቱ ለየብቻ ነው።