ሞዴል ባቡር፦ ወሎ ውስጥ የሚነገሩ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ኮምቦልቻ ያደገ ሰው ስለ ባቡር ሲወራ ጆሮውን ያቆማል። ከአዋሽ ተነስቶ በኮምቦልቻ አልፎ ወልድያ አጠገብ ሐራ ገበያ የሚደርሰው ሐዲድ 390 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ግንባታው በ2015 እ.ኤ.አ. ተጀመረ፤ የገነባው ያፒ መርከዚ የተባለው የቱርክ ኩባንያ ነው። ሐዲዱ ተዘረጋ፣ ምሰሶው ቆመ፣ ባቡሩ ግን ለዓመታት ሳይመላለስበት ቀረ። ስለዚህ እኛ ጋ የባቡር ወሬ ውስጥ ሁሌም ቁጭት አለ።

አሁን አሁን ደግሞ ብዙ ሰው የሞዴል ባቡር (እውነተኛውን አሳንሶ የተሠራ ባቡር) ቪዲዮ በስልኩ ያያል። ጀርመን ያለውን የሀምቡርጉን ትልቅ ማሳያ፣ የአውሮፓ ኤግዚቢሽኖችን፣ ገና ሊወጡ ነው የተባሉ ሎኮሞቲቮችንና (ባቡሩን የሚጎትቱትን) ፉርጎዎችን። ይሄ ደስ ይለኛል። አብሮ የሚወራው ግን ብዙው ልክ አይደለም። እኔ ካርቶን እየቆረጥኩ ይህን ሥራ የምሠራ ሰው ነኝ፤ ስለምወደውም ደጋግሜ የምሰማቸውን አንድ በአንድ ላንሳቸው።

«የልጅ መጫወቻ ነው»

መነሻው መጫወቻ መሆኑ እውነት ነው። ማርክሊን የተባለው የጀርመን ኩባንያ በ1891 እ.ኤ.አ. ላይፕዚግ ላይ እየተገጣጠመ የሚረዝም ሐዲድ ያለው ባቡር ይዞ ቀረበ፤ የሐዲድ ስፋቶችንም በቁጥር ለያቸው። ዛሬም ለልጆች የሚሠራ አለ።

ኤግዚቢሽን ላይ የምታዩት ግን ሌላ ነው። የብዙዎቹ ማሸጊያ ላይ ዕድሜው ከ14 በታች ለሆነ ልጅ እንዳይሰጥ ተጽፏል። የእጅ መያዣው ቀጭን ሽቦ ነው። መሰላሉ በጥፍር ቢነካ ይሰበራል። አሜሪካ ውስጥ ኤም አይ ቲ የተባለው ዩኒቨርሲቲ ከ1946 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሞዴል ባቡር ክበብ አለው። የድሮ አባላቱ የባቡሩን መቆጣጠሪያ በስልክ ማዞሪያ ዕቃዎች ራሳቸው ይገነቡ ነበር። ከዚያ ወደ ኮምፒውተር ተሻገሩ። በ1962 እ.ኤ.አ. ስፔስዋር የተባለውን የኮምፒውተር ጨዋታ በመሥራት የሚታወቀው ስቲቭ ራስል የዚህ ክበብ አባል ነበር። የኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ተማሪዎች ይህን ታሪክ ቢያውቁት እወዳለሁ። ሲግናል፣ ሞተር፣ ሰርኪዩት፣ ፕሮግራም፣ ሁሉም አንድ ጠረጴዛ ላይ አለ።

«ትንሽ ባቡር ሁሉ አንድ ነው፤ የትኛውም ሐዲድ ላይ ይሄዳል»

አይሄድም። ሰው ገንዘቡን የሚያባክነው እዚህ ላይ ስለሆነ ረጋ ብለን እንየው።

ሁለት ነገር አለ። አንዱ ስኬል ነው፤ ሞዴሉ ከእውነተኛው ስንት እጅ እንዳነሰ ይነግራችኋል። ሌላው በሁለቱ ሐዲዶች መካከል ያለው ስፋት ነው። በዓለም ላይ በብዛት የሚሸጠው ኤች ኦ የሚባለው ሲሆን 1 ለ 87 ነው። የእኛ የኮምቦልቻ ሐዲድ ስፋት 1,435 ሚሊ ሜትር ነው። ለ87 ስታካፍሉት 16.5 ሚሊ ሜትር ይመጣል። የኤች ኦ ሐዲድ ስፋት ልክ ይሄው ነው።

አሁን የድሮውን የጅቡቲ ባቡር አስቡ። በ1917 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ የገባው መስመር ስፋቱ 1 ሜትር ነበር። እሱን በዚያው ስኬል መሥራት የፈለገ ሰው 12 ሚሊ ሜትር ሐዲድ ያስፈልገዋል። ስለዚህ የለገሀሩ የድሮ ባቡርና የኮምቦልቻው ባቡር በሞዴልም ቢሆን አንድ ሐዲድ ላይ መሄድ አይችሉም። በእውነተኛው ዓለም እንደማይችሉት ማለት ነው።

እንግሊዞቹ ጋ ስትመጡ ነገሩ ይወሳሰባል። እነሱ ኦ ኦ የሚባለውን ይጠቀማሉ። ስኬሉ 1 ለ 76 ነው፤ ሐዲዱ ግን ያው 16.5 ሚሊ ሜትር። በሒሳቡ ከሄድን 19 ሚሊ ሜትር ገደማ መሆን ነበረበት። ምክንያቱ ታሪካዊ ነው። የእንግሊዝ ሎኮሞቲቮች ከሌላው አውሮፓ ሎኮሞቲቮች ያነሱ ናቸው፤ የዚያ ዘመን ሞተር ደግሞ በ1 ለ 87 አካል ውስጥ አልገባ አለ። አካሉን አሳደጉት፣ ሐዲዱን እንዳለ ተዉት። ዛሬ የእንግሊዝ ሞዴል ሎኮሞቲቭ የጀርመን ሞዴል ሐዲድ ላይ ይሄዳል፤ ከጀርመን ፉርጎ ጎን ሲቆም ግን ተለቅ ብሎ ይታያል። ልዩነቱን የሚያውቅ ዓይን ወዲያው ይይዘዋል።

ቦታ ለጠበበው ኤን የሚባለው አለ፤ 1 ለ 160፣ ሐዲዱ 9 ሚሊ ሜትር። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ለሚኖር ሰው እኔ የምመክረው እሱን ነው።

«ሁሉም ነገር እኩል ያንሳል»

ርዝመት ብቻ ነው እኩል የሚያንሰው። 22 ሜትር የሆነ ሎኮሞቲቭ በኤች ኦ 25 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ክብደት ግን በሦስት አቅጣጫ ነው የሚቀንሰው፤ 87 በ87 በ87። 100 ቶን የሚመዝን ሎኮሞቲቭ 152 ግራም ብቻ ይቀረዋል ማለት ነው። በዚህ ክብደት ጎማው ይንሸራተታል፣ ፉርጎም አይጎትትም። ስለዚህ አምራቾች ሆን ብለው ብረት ይጨምሩበታል፤ ጥሩ ሞዴል እጃችሁ ላይ ሲቀመጥ ከበድ የሚለው ለዚህ ነው።

ኩርባም እንዲሁ። ማርክሊን የተለመደውን ጠባብ የኤች ኦ ኩርባ በ36 ሳንቲ ሜትር ራዲየስ ይሠራል። በእውነተኛው ልክ 31 ሜትር መሆኑ ነው። እንዲህ ባለ መጠምዘዣ እውነተኛ የጭነት ባቡር አያልፍም፤ መቶ ሜትሮች ያስፈልጉታል። ከደሴ ሐረጎን ወርዶ ኮምቦልቻ የገባ ሰው መኪናና ባቡር በአንድ ዓይነት መንገድ ቁልቁለት እንደማይወርዱ ይገባዋል። መኪና ይጠማዘዛል። ባቡር ዋሻና ድልድይ ይፈልጋል።

ፍጥነትም አለ። ቪዲዮ ላይ ሞዴል ባቡር ሲበር አይታችሁ ይሆናል። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚሄድ የጭነት ባቡር በኤች ኦ በሰከንድ 25 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው የሚጓዘው። ጥሩ ባለሙያ የሚታወቀው ቀስ አድርጎ በመንዳቱ ነው።

ርቀትስ? ከአዋሽ ሐራ ገበያ ያለውን መስመር ሙሉውን በኤች ኦ ልዘርጋ ያለ ሰው 4.5 ኪሎ ሜትር ገደማ ሐዲድ ያስፈልገዋል። ቤቱ ውስጥ ማንም አይችልም። ስለዚህ የሞዴል ሥራ ዋናው ችሎታ መምረጥ ነው። ምኑን ትይዛለህ፣ ምኑን ትተዋለህ? ለኔ የዚህ ሥራ ጥበብ ያለው እዚህ ጋ ነው።

«ኤግዚቢሽን ማለት ባዛር ነው»

እኛ ኤግዚቢሽን ስንባል የሚታየን የበዓል ባዛር ነው። ድንኳን፣ ሙዚቃ፣ ቅናሽ። የሞዴል ባቡር ኤግዚቢሽን ላይም ይሸጣል፤ ሰው የሚሄደው ግን የተሠራ ሥራ ሊያይ ነው። ክበቦች ዓመታት የፈጀባቸውን ሥራ በቁርጥራጭ ጭነው መጥተው አዳራሽ ውስጥ ይገጣጥሙታል። አውሮፓ ውስጥ ጫፋቸው በአንድ ልክ የተሠራ ሞጁል (የሚገጣጠም የማሳያ ቁራጭ) የሚያመጡ ሰዎች አሉ። አንዱ ከአንድ አገር፣ ሌላው ከሌላ አገር መጥቶ ይገናኛሉ፣ ባቡሩም በሁሉም ላይ ያልፋል። ከበስተጀርባ ደግሞ ተመልካች የማያየው ስውር ሐዲድ አለ። ባቡሮች እዚያ ተሰልፈው ተራቸውን ይጠብቃሉ፤ አንዱ ሲገባ ሌላው ይወጣል።

የጀርመኑ ዶርትሙንድ ከተማ በየዓመቱ እንዲህ ያለ ትልቅ ዝግጅት ያስተናግዳል። ኑረምበርግ ደግሞ ከ1950 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዓለም አቀፍ የመጫወቻ ዕቃዎች ትርኢት አለ፤ እሱ በዋናነት የነጋዴዎች ነው። በስልካችን የምናየው የሀምቡርጉ ሚኒያቱር ቩንደርላንድ ከእነዚህ ይለያል። በ2001 እ.ኤ.አ. የተከፈተ ቋሚ ማሳያ ነው እንጂ ለቀናት የሚቆም ኤግዚቢሽን አይደለም። ከ1,000 በላይ ባቡሮች አሉት። ውስጡ በየ15 ደቂቃው ይመሻል፣ ይነጋል።

«አዲስ ሞዴል ታወጀ ማለት ሱቅ ገባ ማለት ነው»

ብዙዎቹ አምራቾች የዓመቱን አዲስ ነገር ጥር አካባቢ ያውጃሉ። ሰው ፎቶውን ያይና «የት ይገኛል?» ይላል። አብሽሩ፣ ገና ነው። ያ ፎቶ ብዙ ጊዜ የኮምፒውተር ሥዕል ነው።

ከማወጅ እስከ መሸጥ ብዙ ጊዜ ዓመታት ይፈጃል። መጀመሪያ የእውነተኛው ሎኮሞቲቭ ፕላን ይፈለጋል፤ ሎኮሞቲቩ በሕይወት ካለ በሌዘር ይለካል። ቀጥሎ ንድፉ በኮምፒውተር ይወጣል። ከዚያ የብረት ሞልድ (ፕላስቲኩ ቅርጽ የሚይዝበት) ይቆረጣል፤ ትልቁ ወጪ እዚህ ላይ ነው። ከሞልዱ የሚወጣው የመጀመሪያው ናሙና ቀለም የለውም፤ እንዲሁ ግራጫ ወይም ጥቁር ፕላስቲክ ነው። ኤግዚቢሽን ላይ መስታወት ውስጥ ተቀምጦ የምታዩት ያንን ነው። ያልተጠናቀቀ መስሏችሁ አትለፉት፤ ስህተት የሚታረመው በዚያ ደረጃ ነው። የመስኮቱ ቅርጽ ወይም የጣሪያው ኩርባ ልክ ካልሆነ የሚያውቁ ሰዎች ይናገራሉ፣ አምራቹም ያስተካክላል። ቀጥሎ ቀለም የተቀባ ናሙና ይመጣል፤ ፊደሉና ቁጥሩ ይፈተሻል። ከዚያ ነው ፋብሪካ የሚገባው፤ ብዙውን ጊዜ ቻይና። መጨረሻ ላይ መርከብ።

ምርቱም ብዙ ጊዜ የተወሰነ ነው። ቀድሞ ያዘዘ ያገኛል፣ የዘገየ ይጠብቃል። አንድ ሞልድ ከወጣ በኋላ ግን በቀለምና በቁጥር እየተለዋወጠ ለዓመታት ያገለግላል።

«ዋናው ሎኮሞቲቩ ነው፤ ፉርጎ ማሟያ ነው»

ሎኮሞቲቭ ብቻውን ባቡር አይሆንም። አንድ ሎኮሞቲቭ የገዛ ሰው ሰባትም አሥርም ፉርጎ ይፈልጋል፤ ሁሉም የተለያየ ቁጥር እንዲኖራቸው ይፈልጋል። ለዚህ ነው አዲስ ፉርጎ ሲታወጅ አፍቃሪው በደስታ የሚዘለው። የአገር ኢኮኖሚም የሚታየው ፉርጎው ላይ ነው። ነዳጅ፣ እህል፣ ሲሚንቶ፣ ኮንቴይነር።

«ኮረንቲው ያቃጥላል»

አያቃጥልም። የቤቱ 220 ቮልት ትራንስፎርመሩ ላይ ይቆማል፤ የተለመደው ሞዴል ሐዲድ ላይ የሚደርሰው ከ12 እስከ 18 ቮልት ነው። ከላይ ያለው ሽቦም አብዛኛውን ጊዜ ለመልክ ነው፤ ሞተሩ ኮረንቲውን የሚያገኘው ከሐዲዱ ነው። በዲጂታሉ ዘዴ እያንዳንዱ ሎኮሞቲቭ የራሱ ቁጥር ያለው ዲኮደር (ትእዛዝ የሚቀበል ትንሽ ሰርኪዩት) ስላለው፣ አንድ ሐዲድ ላይ ሁለቱን ለየብቻ መንዳት ይቻላል። የኮምቦልቻ ሰው ሊፈራ የሚገባው አቧራን ነው። ሐዲዱ ከቆሸሸ ባቡሩ ይቆማል። በአልኮል የረጠበ ጨርቅ ይበቃል።

«የሀብታም ነገር ነው፤ የእኛ ባቡር ደግሞ አይሸጥም»

ድምፅ ያለው አዲስ የኤች ኦ ሎኮሞቲቭ ከ300 ዩሮ በላይ ሊያስወጣ ይችላል። አልክድም፣ ውድ ነው። ግን መጀመር ያለብን በሎኮሞቲቭ ነው ያለው ማነው?

በኮንቴይነር ጀምሩ። ከጅቡቲ በሚሌና በባቲ የሚመጡት ተሳቢዎች በየቀኑ ተሸክመውት በፊታችን ያልፋሉ፤ የኮምቦልቻ ደረቅ ወደብም አለ። ባለ 40 ጫማው 12.19 ሜትር ርዝመት፣ 2.44 ወርድ፣ 2.59 ቁመት አለው። በኤች ኦ 14 ሳንቲ ሜትር በ2.8 በ3 ማለት ነው። ግድግዳው የተሸበሸበ ስለሆነ ከባድ ይመስላል። ዘዴው ቀላል ነው። የትናንሽ ዕቃ ማሸጊያ የሆነውን ቀጭን ካርቶን ፈልጉ። የላዩን ወረቀት በእርጥብ ስፖንጅ አርሳችሁ ቀስ ብላችሁ ላጡት። ውስጡ ያለው ሽብሽብ ይወጣል፤ ሽብሽቡም ወደ ኮንቴይነሩ ግድግዳ በጣም ይቀርባል። ሲደርቅ በከተር ቁረጡት፣ በኮላ ያዙት፣ ቀይ ወይም ሰማያዊ ቀለም ስፕሬይ አድርጉበት። የበሩን አራት ዘንጎች ከስቴፕለር ሽቦ አውጡ። በዚህ ዋጋ እዚህ ጥራት ላይ የሚያደርስ ሌላ ጅምር እኔ አላውቅም።

«ባቡሩ ሥራ ሳይጀምር ሞዴል ምን ያደርጋል?»

ይሄኛው ያመኛል፤ ስለሚገባኝም ነው የሚያመኝ። ግን ዓለም ላይ ብዙ የኤግዚቢሽን ሥራዎች የተዘጉ መስመሮችን ወይም ታቅደው ያልተሠሩትን ነው የሚያሳዩት። የእኛ ሐዲድ ደግሞ ተሠርቷል፣ ቆሟል፣ ይታያል።

ለመጀመሪያ ሥራ ኮምቦልቻ ጣቢያን ብቻ ውሰዱ። 1.2 ሜትር በ60 ሳንቲ ሜትር የሆኑ ሁለት ጣውላዎች አያይዙ። አንድ ሎኮሞቲቭና 16 ሳንቲ ሜትር የሆኑ ስድስት ፉርጎዎች 1.2 ሜትር ገደማ ይይዛሉ፤ ግማሹ ይተርፋችኋል። ከኋላ ተራራውን በሥዕል አድርጉት። በግራ ጫፍ ከተራራው ሥር የሚገባው ሐዲድ ወደ አዋሽ፣ በቀኝ ያለው ወደ ሐራ ገበያ ይሁን። ሁለቱም ጫፎች ላይ 1.3 ሜትር የሚሆን ስውር ሐዲድ ጨምሩ፤ ባቡሩ ሙሉ በሙሉ የሚደበቅበት ቦታ ከሌለው ከጣቢያው ሊወጣ አይችልም።